የተከሉት ጸደቀ ወይ? የጃፓኑ ኖ ቴአትር በየካ አባዶ

(በየካ አባዶ ለትምህርት ቤት የቴአትር ክበብ መምህራንና ለወጣት ተዋንያን ካደረግሁት ንግግር የተጻፈ)

ጤና ይስጥልኝ። ቁጭ ከማለታችሁ በፊት ጫማችሁን እንድታወልቁልኝ እለምናለሁ። ካልሲ ያደረገ በካልሲው፣ ያላደረገ በባዶ እግሩ ይሁን። ወለሉ እንደሚቀዘቅዝ አውቃለሁ፤ የካ አባዶ በማለዳ ምን እንደሚመስል እዚህ ለምንኖር ሰዎች አይነገረንም። ግን ዛሬ የማወራችሁ ቴአትር ወደ እኔ የገባው በእግሬ በኩል ነው፤ ወደ እናንተም በሌላ በር ይገባል ብዬ አላምንም።

ቴአትሩ ኖ ይባላል፤ የጃፓን ነው። በ14ኛው ክፍለ ዘመን ካንአሚ የሚባል የተዋንያን ቡድን መሪና ልጁ ዜአሚ፣ በየቤተ መቅደሱ በዓል ይታይ የነበረውን የዜማ፣ የጭፈራና የቀልድ ጨዋታ ወስደው ዛሬ የምናውቀውን መልክ ሰጡት። ዜአሚ ገና የ12 ዓመት ገደማ ልጅ ሳለ የአገሪቱ የጦር ገዢ አሺካጋ ዮሺሚትሱ ጨዋታቸውን አየና ወደደው፤ አባትና ልጁን አስጠግቶ ደገፋቸው። ያው ዜአሚ በ1434 እ.ኤ.አ.፣ ዕድሜው ከ70 ካለፈ በኋላ፣ በሌላ ገዢ ትእዛዝ ሳዶ ወደምትባል ደሴት ተጋዘ። ከዚያ ከልጅነቱ ቀን እስከ ግዞቱ ድረስ ተውኔት ብቻ አልጻፈም፤ ተዋናይ እንዴት እንደሚሠለጥን፣ በስንት ዓመቱ ምን መማር እንዳለበት፣ ተመልካች ሲሰለች ምን መደረግ እንዳለበት እየመረመረ በርካታ መጻሕፍት ጻፈ። መጻሕፍቱ ከ400 ዓመት በላይ ከእጅ ወደ እጅ በምስጢር ሲተላለፉ ኖረው ለሁሉም አንባቢ በኅትመት የወጡት በ1909 እ.ኤ.አ. ነው። ቴአትሩ ራሱ ግን ሳይቋረጥ እስከ ዛሬ ይታያል፤ አሁን ከሚታዩት ተውኔቶች 240 ገደማ የሚሆኑት የቆዩ ናቸው።

መድረኩን በዓይነ ኅሊናችሁ ሳሉት። 6 ሜትር በ6 ሜትር ገደማ የሆነ የእንጨት ወለል ነው። አዳራሽ ውስጥ ቢሆን እንኳ የራሱ ጣሪያ አለው፤ ጣሪያውን አራት ምሰሶዎች ይሸከሙታል። ከፊት መጋረጃ የለም። ከኋላ ግድግዳው ላይ አንድ ትልቅ ጥድ ተሥሏል፤ ታሪኩ ባሕር ዳርቻም ይሁን ቤተ መንግሥት ያው ጥድ ነው የሚታየው። በግራ በኩል ረጅም ድልድይ አለ፤ ተዋናዩ በዚያ ነው የሚመጣው። ከድልድዩ ጫፍ፣ ከመጋረጃው በስተጀርባ የመስታወት ክፍል አለ። ዋናው ተዋናይ እዚያ ተቀምጦ ጭምብሉን እጅ ይነሣል፣ ያጠልቀዋል፣ ከዚያ መስታወት ውስጥ የሚያየውን ሰው እስኪለምደው ድረስ ዝም ብሎ ይጠብቃል። ጭምብሉ የሚያዝበትም ወግ አለው፤ ክር በሚታሰርበት በጆሮው በኩል ብቻ ይያዛል፣ ፊቱ አይነካም።

እኔ ይህን ሁሉ ለሁለት ዓመት አነበብኩ። ማስታወሻ ደብተሮች ሞላሁ። ያኔ ጃፓን ማለት ለኔ፣ እንደ ብዙዎቻችን፣ የቶኪዮው አበበ ቢቂላ ነበረች፤ ከዚያ ከፍ ካለም በ1931 እ.ኤ.አ. ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ሄደው አይተው ተመልሰው መጽሐፍ የጻፉላት አገር። ንባቤ ሲበዛ አወቅሁ አልኩና በአንድ የወጣቶች አዳራሽ የመጀመሪያውን ዐውደ ጥናት ጠራሁ። 22 ወጣቶች መጡ። ሦስት ሰዓት ሙሉ ሥዕል በግድግዳ ላይ እያሳየሁ አስረዳኋቸው። በሁለተኛው ቅዳሜ የተመለሱት 9 ብቻ ነበሩ። ጥፋቱ የልጆቹ አልነበረም። ስለ እንጀራ አውርቼ አውርቼ ምጣዱን ሳላሳያቸው ነበር ያሰናበትኳቸው።

ከዚያ በኋላ ነው ዕድል አግኝቼ ኪዮቶ ከተማ ስድስት ሳምንት ከአንድ የኖ መምህር ሥር የተቀመጥኩት። መምህሬ ምንም አላስረዱኝም። ከፊቴ ቆመው አንድ እርምጃ ይራመዳሉ፤ እኔ እከተላለሁ። አንድ ስንኝ ያወጣሉ፤ እቀበላለሁ። ሲሳሳትብኝ ስህተቱን አይነግሩኝም፣ እንደገና ከመጀመሪያው ያወጡታል። በሦስተኛው ቀን ይሆናል፣ ድንገት የአያቴ ወንድም ትዝ አሉኝ፤ የቆሎ ተማሪ ሆነው ዜማ ከየኔታ እንዴት እንደተቀበሉ ማታ ማታ ይነግሩን ነበር። የኔታ ያወጣሉ፣ ተማሪው ይቀበላል፤ ትርጓሜው ኋላ ይመጣል። ሁለት ዓመት ያነበብኩትን ነገር ያኔ ገና ጉልበቴ ላይ ጀመርኩት።

ምንድነው ያ እርምጃ? እስቲ ቁሙ። ጉልበታችሁን ትንሽ እጠፉ፤ እንደምትቀመጡ አይደለም፣ ደረጃ ልትወርዱ እንዳሰባችሁ ያህል። ክብደታችሁ ትንሽ ወደ ፊት ይምጣ። ከእምብርታችሁ በታች ያለው ጠንከር ይበል፣ ትከሻችሁ ይውረድ። ክንዳችሁ ጎበጥ ብሎ ከጎናችሁ ራቅ ይበል። ይህ አቋም ካማኤ ይባላል። አሁን አንዱን እግር ወደ ፊት አንሸራትቱ። ተረከዝ ከመሬት አይነሣም። እርምጃው ሲያልቅ ጣቶቻችሁ ብቻ ትንሽ ቀና ብለው ይወርዳሉ። ጭንቅላታችሁ ከፍ ዝቅ አይበል።

እኔ ይህን ለማስተማር መጀመሪያ የተጠቀምኩት ረከቦት ነው። ቡና የሞላባቸውን ሲኒዎች ደርድሬ ሳይፈስ ከግድግዳ ግድግዳ እንዲወስዱት አደረግሁ። በመጀመሪያው ቀን በጣም ይረዳል። በሁለተኛው ቀን ግን ጎጂ ነው፤ ይህን ለምትሠለጥኑ መምህራን አጥብቄ እናገራለሁ። ሲኒ የያዘ ሰው ዓይኑ ሲኒው ላይ ነው፣ መላ አካሉ ይጠነቀቃል። የኖ ተዋናይ አይጠነቀቅም። አካሉ ከፊት፣ ከኋላ፣ ከቀኝ፣ ከግራ እኩል እንደተጎተተ ሆኖ ነው የሚቆመው፤ የቆመው አንዱም ስላላሸነፈው ነው። ይህን በቃል ከመንገር አራት ተማሪዎች በአራት ነጠላ ወገቡን ይዘው እንዲስቡት ማድረግ ይሻላል። ቀስ ብለው ሲለቁት ልጁ እንዴት እንደቆመ ራሱ ይደነግጣል።

የምንሠለጥንበት ቤት የኮንዶሚኒየሙ የጋራ መገልገያ ቤት ነው። ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ ካልሲ በአንድ ጠዋት ይጨርሳል። ስለዚህ አዋጥተን የፕላስቲክ ምንጣፍ ገዛንና አነጠፍን። ለአራቱ ምሰሶዎች ውሃ የሞሉ አራት ቢጫ ጄሪካኖች አቆምን፤ ውሃ በፈረቃ ስለሆነ ጄሪካን የሌለው ሰው የለም። ይህ ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። ጭምብሉ ላይ ያለው የዓይን ቀዳዳ በጣም ጠባብ ነው፤ የለበሰው ሰው እግሩን አያይም፣ ግራ ቀኙን አያይም። በኖ መድረክ ከፊት ለፊት በተመልካቹ በኩል ያለው አንደኛው ምሰሶ ስሙ ራሱ ዓይን የሚያርፍበት ማለት ነው፤ ተዋናዩ ያለበትን ቦታ የሚለካው በእሱ ነው። ልጆቹ ጭምብል አጥልቀው ቢጫውን ጄሪካን ሲፈልጉ ምሰሶ ለምን እንዳስፈለገ ለማስረዳት አንድ ቃል አላወጣሁም።

ጭምብሉን የሠራልን ወደ ለገጣፎ መውጫ ላይ የቤት ዕቃ የሚቀርጽ አናጢ ነው። ጃፓኖች ሂኖኪ ከሚባል የጥድ ዘመድ ነው የሚቀርጹት፤ እኛ ዋንዛ ተጠቀምን። ዋንዛ ለስላሳ ነው፣ አይከብድም፣ ለቢላዋ ይታዘዛል። አናጢው መጀመሪያ የሠራው ፊት ፈገግ ያለ ነበር፤ ሁለተኛው ያዘነ። ሁለቱንም መለስኩበት። የፈለግሁት ያልለየለትን ፊት ነው። የኖ የሴት ጭምብል ትንሽ ቀና ሲል ብርሃን ያገኝና የሚስቅ ይመስላል፤ ይህን ማብራት ይሉታል። ትንሽ ሲያቀረቅር ጥላ ይወርድበትና ያዝናል፤ ይህን ማዳመን ይሉታል። አናጢው ሦስተኛውን ይዞ ሲመጣ መስኮቱ ጋ ቀና ዝቅ አድርጎ አሳየኝና፣ «ጋሼ፣ ይኼ ሰው ገና አልወሰነም» አለኝ። ከዚያ የተሻለ የጭምብል ትርጓሜ አላነበብኩም።

አሁን ወደሚያከራክረው ልምጣ። የውጭ ቴአትር የሚያስተምር ሰው ሁልጊዜ የሚፈተንበት አንድ ነገር አለ፤ «ይኼማ የኛም አለ» ማለት። በኖ ውስጥ ሁሉ ነገር የሚሄድበት ሥርዓት አለ፤ ጆ፣ ሃ፣ ክዩ ይባላል። ጆ ዝግ ያለ መጀመሪያ ነው፣ ሃ ይፈታዋል፣ ክዩ ይፈጥናል። ሙሉው ተውኔት እንደዚያ ነው፤ አንዱ ጭፈራም፣ አንዷ እርምጃም እንደዚያ ናት። ይህን ሳስተምር በደስታ፣ «የቅዱስ ያሬድ ደቀ መዛሙርት ይህን ያውቁታል። ቁም ዜማ ያለ ከበሮ ይጀምራል፣ ዝማሜ በመቋሚያ ይወዛወዛል፣ መረግድ ከበሮ ያመጣል፣ ጽፋት ይፈጥናል» አልኳቸው። ከመካከላቸው አቋቋም የሚማር ዲያቆን ነበር። መቋሚያ ሰጥቼ፣ «እስቲ አሳየን» አልኩት። አልተቀበለኝም። «መምህር፣ ይኼ ጸሎት ነው። እዚያ የሚያየን ተመልካች የለም፤ ሁሉም የሚያመሰግን ነው። እዚህ ግን እነሱ ተቀምጠው ያዩኛል» አለ።

ልክ ነበር። ይቅርታ ጠየቅሁት፤ መቋሚያውን ወደ ጥግ መለስኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከበሮ ብንጠቀምም የማሕሌት እንቅስቃሴ ለልምምድ አናመጣም፣ መንዙማም እንዲሁ። ግን ልጁ የሰጠኝ ነገር ከክልከላ ይበልጣል። ተመሳሳይነት ካየን በኋላ ልዩነቱን እንድንጠይቅ ያደረገን እሱ ነው። ኖ ከቤተ መቅደስ በዓል ቢወጣም ዜአሚ በየገጹ የሚጨነቀው ስለ ተመልካች ነው፤ የተደበቀ ነገር ነው አበባ የሚሆነው ሲል (አበባ የሚለው ተመልካችን የሚማርከውን ነገር ነው)፣ የሚደበቀው ከተመልካቹ ነው። በማሕሌት ማን ከማን ይደብቃል? ይህን ጥያቄ ሁለት ቅዳሜ ተከራከርንበት። «ይመሳሰላል» ብሎ ለሄደ ሰው ይህ ሁሉ ይቀርበታል።

የመረጥነው ተውኔት የሱሚዳ ወንዝ ነው። የጻፈው የዜአሚ ልጅ ሞቶማሳ ነው፤ አባቱ ከመጋዙ ሁለት ዓመት ቀድሞ በ1432 እ.ኤ.አ. ሞተ። ታሪኩ አጭር ነው። ከዋና ከተማዋ አንዲት እናት በሰው ነጋዴ የተወሰደባትን ልጇን ፍለጋ ሩቅ ምሥራቅ ድረስ መጥታ ሱሚዳ ወንዝ ዳር ትደርሳለች። አእምሮዋ እንደታወከ ምልክት እጇ ላይ የቀርከሃ ቅርንጫፍ ይዛለች። ጀልባ ቀዛፊው ያሾፍባታል፤ እብደትሽን አሳዪንና ላሻግርሽ ይላታል። ወንዙ ላይ ነጭ ወፎች አሉ። እሱ ተራ የባሕር ወፍ ይላቸዋል። እሷ ስማቸውን ታውቃለች፣ የመዲና ወፍ ነው፤ እዚያው ወንዝ ዳር በ9ኛው ክፍለ ዘመን የነበረ ናሪሂራ የሚባል ባለቅኔ፣ ስምህ እውነት ከሆነ የምወዳት በሕይወት አለች ወይስ የለችም ብሎ ወፉን የጠየቀበትን ግጥም ታነሣለች። ቀዛፊው ያፍራል፤ ጀልባው ላይ ያሳፍራታል።

ወንዙን ሲያቋርጡ ማዶ ሰዎች ተሰብስበዋል። ምንድነው ብለው ሲጠይቁት ይነግራቸዋል። ዓምና በዚህ ቀን አንድ የሰው ነጋዴ የታመመ ልጅ መንገድ ላይ ጥሎ ሄደ። የአገሩ ሰው አስታመመው፣ አልዳነም። ሊሞት ሲል መንገድ ዳር እንዲቀብሩትና አኻያ ዛፍ እንዲተክሉበት ለመነ። ዛሬ ሙት ዓመቱ ነው።

እዚህ ላይ ዐውደ ጥናቱ ከእጄ ወጣ፤ በመውጣቱም ደስ ይለኛል። የጃፓን ግጥም ኅብረ ቃል ይወዳል። ማትሱ የሚለው ድምፅ ጥድም ነው፣ መጠበቅም ነው፤ ስለዚህ ባለቅኔው ጥድ ሲያነሣ ሰው እየጠበቀ ነው። ይህን ለልጆቹ ነገርኳቸውና፣ ለእናቲቱ አንዲት መስመር በአማርኛ ሥሩላት አልኳቸው፣ ስለዚያ ዛፍ። የእናቲቱን ቦታ የያዘችው የ19 ዓመት ልጅ ናት። ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና እንዲህ አለች፦

«እናንተ ደጎች፣ ልጄ ላይ የተከላችሁት ጸደቀ ወይ?»

ሰሙ ችግኙ ነው፤ ተክል ሲይዝ ጸደቀ እንላለን። ወርቁን እናንተው ታውቁታላችሁ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ዮፍታሔ ንጉሤን የመሰሉ የቴአትራችን ቀደምት ጸሐፊዎች ከቅኔ ቤት መውጣታቸውን ለዓመታት በክፍል ውስጥ እንደ ታሪክ ሳስተምረው ኖሬያለሁ። ያን ቀን ግን በአንዲት ልጅ አፍ ውስጥ፣ በጃፓን ተውኔት ሰበብ፣ ሲሠራ አየሁት።

በሩ አጠገብ ቡና የሚያፈሉ አንዲት እናት አሉ። ልጃቸው በደቡብ በኩል በእግር ወጥቶ መንገድ ላይ ነው የቀረው። እኔ ይህን አላውቅም ነበር። ቀዛፊው ታሪኩን የሚናገርበትን ክፍል ስንለማመድ ቡናቸውን ትተው ገብተው ቆሙ። በተውኔቱ ውስጥ እናቲቱ ታሪኩን ሰምታ አትጮኽም። ትጠይቃለች። መቼ ነበር? ዓምና በዚህ ቀን። ልጁ ስንት ዓመቱ ነበር? 12። ስሙስ? የአባቱ ስምስ? ከዚያ በኋላ ዘመድ አልመጣም? እናቱም አልመጣችም? አንድ ጎበዝ ልጅ፣ «መምህር፣ ይኼ ለመድረክ ይቀዘቅዛል፤ በመጀመሪያው መልስ መጮህ አለባት» ሲል ቡና የሚያፈሉት እናት ተናገሩ፤ «አይ ልጄ። መርዶ የተነገረው ሰው መጀመሪያ ይጠይቃል። እየጠየቀ ሳለ ገና አልሞተበትም።»

መርዶ። ይህን ቃል እስከዚያ ቀን በማስታወሻዬ ላይ አልጻፍኩትም ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ተውኔቱን በሌላ መንገድ አላየሁትም። ቀዛፊው ሳያውቅ መርዶ ነጋሪ ነው። እኛ አገር መርዶ በማለዳ፣ በሽማግሌ፣ ዘመድ ከተሰበሰበ በኋላ ነው የሚነገረው፤ አጠገቧ የሚይዛት ሰው አለ። ይህች እናት ግን ብቻዋን፣ ጀልባ ላይ፣ ከማታውቀው ሰው አፍ ነው የሰማችው። በኖ ልቅሶ የሚባለው እንቅስቃሴ አንድ እጅ ወደ ዓይን አጠገብ ቀስ ብሎ መምጣቱ ነው፤ ፊትን አይነካም። ልጅቷ ከዚያ ቀን በፊት እጇን ታነሣው ነበር። ከዚያ በኋላ ግን እጇ የመጨረሻው ጥያቄ እስኪመለስ ድረስ አልተነሣም። እኒያ እናት በሚቀጥለው ቅዳሜ ነጠላዋን ራሳቸው አዘቅዝቀው አለበሷት። በቀርከሃው ፈንታም ባሕር ዛፍ እንድትይዝ መከሩን፤ ስትንቀሳቀስ ሽታው ቤቱን ይሞላዋል።

ስለ ልጆች ሥልጠና አንድ ነገር ጣል ላድርግና ልለፍ፤ ብዙዎቻችሁ የክበብ መምህራን ናችሁና። ዜአሚ ሥልጠና በጥንቱ አቆጣጠር በ7 ዓመት ይጀመር ይላል። ሕፃኑ በራሱ የሚያወጣውን እንቅስቃሴ ተዉለት፤ ይኼ ጥሩ ነው፣ ያኛው መጥፎ ነው እያላችሁ አትጫኑት፤ ቁጣ ከበዛበት ልቡ ይሸፍታል፣ ትምህርቱም እዚያው ይቆማል ይላል። ይህ 600 ዓመት የሆነው ምክር ነው። በ17ና በ18 ዓመት ድምፅ ሲሰበር፣ ቁመት ሲረዝም፣ ተመልካች ሲስቅበት ልጁ እንዳይተው ደግሞ ያሳስባል። ክበባችሁን ትተው የሄዱት ልጆች ስንት ዓመታቸው እንደነበር አስቡት።

አሁን ያለንበት ጥያቄ ይህ ነው። በተውኔቱ መጨረሻ እናቲቱ መቃብሩ ላይ ከሰው ጋር ስትጸልይ የልጇን ድምፅ ትሰማለች፤ ከመቃብሩ ወጥቶ ይታያታል። ልታቅፈው ትሄዳለች፣ ያመልጣታል። ይነጋል፤ ሣር የበቀለበት ጉብታ ብቻ ይቀራል። ልጁ መድረክ ላይ ይታይ ወይስ አይታይ? ዜአሚና ሞቶማሳ፣ አባትና ልጅ፣ በዚሁ ተከራክረዋል፤ ክርክሩ በ1430 እ.ኤ.አ. የዜአሚ ሌላው ልጅ በጻፈው ማስታወሻ ላይ አለ። አባትየው ልጁ ባይታይ ይሻላል አለ፤ እናቲቱ የምታየው ጥላ ነውና። ሞቶማሳ ያለ ልጁ መጫወት አልችልም አለ። ዜአሚ መልሶ፣ እንዲህ ያለው ነገር ሞክሮ የተሻለውን መያዝ ነው አለው።

እኛም እየሞከርን ነው። ባለፈው ቅዳሜ የልጅቷ ታናሽ ወንድም በሽቦና በአቡጀዲ በሠራነው ጉብታ ውስጥ ተቀምጦ ወጣ። ከዚያ በፊት በነበረው ቅዳሜ ጉብታው ባዶ ነበር፤ ድምፁ ብቻ ከኋላ መጣ። ልጆቹ እኩል ተከፍለዋል። እኔ ከዜአሚ ጋር ነኝ። ቡና የሚያፈሉት እናት ከሞቶማሳ ጋር ናቸው፤ «አንድ ጊዜ እንኳ ትየው» ነው ያሉት።

በሚመጣው ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሁለቱንም በተከታታይ እናሳያለን። በሩ ላይ ጫማችሁን አውልቁና ከጄሪካኖቹ ወዲህ ተቀመጡ፤ የፊተኛውን ቢጫ ጄሪካን ግን እንዳትጋርዱባት፣ ዓይኗ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው።